ኮካ አሁንም መብራት ያመነጫል?

ጥያቄ፦ አባቴ «አዲስ አበባን መብራት በመብራት ያደረጋት ኮካ ነው» ይላል። አሁን ግን ስለ ኮካ ሲወራ የምሰማው ስለ ዓሣውና ስለ እንቦጩ ብቻ ነው። ማመንጫው ይሠራል? ምን ነካው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይሠራል። አባትዎም ልክ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ እሱን የሚያህል ማመንጫ አልነበረም፤ ወጪውም የተሸፈነው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ያኔ ጉድ የተባለለት ይህ ቁጥር ዛሬ ከሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት ጎን ሲቀመጥ 120 እጥፍ ያንሳል።

ግን ኮካን የጎዳው በሌሎች መበለጡ አይደለም። ማሽን ቢያረጅ ይቀየራል። ሐይቁ ግን በደለል እየሞላ ነው፣ ይህን የሚቀይር መለዋወጫ ደግሞ የለም። አዋሽና ሞጆ ክረምት ክረምት ከተራቆተው ደጋ አፈር ጠርገው ይመጣሉ። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ የተሸከመውንም ያራግፋል፤ አሸዋው መግቢያው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ጭቃ ግን እየተንሸራተተ እስከ ግድቡ ሥር ይደርሳል። ከውኃው ጋር ተርባይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። እንቦጩም ቢሆን አዲስ እንግዳ አይደለም፤ ጣና ላይ ከመሰማቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ኮካና አዋሽ ላይ ታይቷል።

«ታዲያ ይቆፈር!» የሚሉ አሉ። ያን ሁሉ ጭቃ ማን አውጥቶ የት ይደፋዋል? ለእኔ ገንዘቡ ከወንዙ በላይ ባለው ተዳፋት፣ ለእርከንና ለዛፍ ቢውል ይሻላል፤ አዝጋሚ ነው፣ ሪባን የሚቆረጥበትም አይደለም።

«43 ሜጋ ዋት ለምኔ» ብሎ መተውም አይቻልም። ከኮካ የሚወጣው ውኃ ወርዶ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የሚባሉትን ማመንጫዎች ያዞራል፣ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራም የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። በክረምት ደግሞ ሐይቁ ጎርፉን ባይይዘው ኖሮ ታች ያለው ሰው አበሳውን ያይ ነበር። ደለሉ በጨመረ ቁጥር ለጎርፉ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፣ በሮቹም ቶሎ ይከፈታሉ። ስለዚህ ከመብራቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ይሄኛው ነው።