መዝገቡ ከቤቱ ይቅደም

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ሦስት ደብዳቤዎች አንደኛው ከድሬዳዋ ከዚራ፣ ሁለተኛው ከሐረር ጀጎል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከድሬዳዋ መጋላ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ሦስቱም ግን የአካባቢያቸውን ታሪክ ነዋሪው ራሱ እንዴት ሰብስቦ ሊጠብቀውና ለሌላው ሊያሳየው እንደሚችል ይጠይቃሉ። ደብዳቤዎቹን ለአምዱ እንዲመቹ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ከዚራ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በምድር ባቡር ዎርክሾፕ ሠርተው በጡረታ የወጡ ነበሩ፤ እኔም ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እንደ እኔ ካሉ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ጋር ስንጫወት በየቤታችን ብዙ ነገር እንዳለ ተረዳን፤ የምልክት ፋኖስ፣ የደንብ ልብስ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ፎቶግራፎች አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ለማከራየት ሲያጸዱ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ለቁራሌ ሸጡት። ይህ በጣም ስላንገበገበን የሰፈር ሙዚየም ልናቋቁም ተነሥተናል። እድራችን ድንኳንና ወንበር ከሚያስቀምጥበት መጋዘን ጎን ያለችውን ክፍል ሊሰጠን ፈቃደኛ ሲሆን፣ ከመካከላችን ግማሾቹ ግን «ለሙዚየም የሚመጥን ቤት ከመስተዳድሩ ሳናገኝ ዕቃ መሰብሰብ የለብንም» ይላሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ቤት አትጠብቁ፤ ዕቃ ለመሰብሰብም አትቸኩሉ። ከሁለቱም በፊት ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ግዙ። ይህን የምልበትን ምክንያት ከራስዎ ደብዳቤ ልነሣ። የጎረቤትዎ የመሣሪያ ሣጥን ለቁራሌ መሸጡ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሣጥኑ ተርፎ ቢሆንና የማን እንደ ነበረ፣ ባለቤቱ በየትኛው መሣሪያ ምን ይሠሩበት እንደ ነበር የሚነግረን ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ከቁራሌው ከረጢት የተለየ ትርጉም አይኖረውም ነበር። ልጆቻቸውም ሣጥኑን የሸጡት አባታቸውን ንቀው ሳይሆን ብረቱ ምን እንደሚናገር የነገራቸው ስላልነበረ ይመስለኛል።

የድሬዳዋ ትልቁ ታሪክ ተጽፏል። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ መስጠታቸው፣ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪና ውድ በመሆኑ ከተራራው ሥር አልፎ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ መድረሱ፣ አዲሱ ሰፈርም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር መባሉ በመጻሕፍት ይገኛል። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከስሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተክቶ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 መሆኑም እንዲሁ ተመዝግቧል። ሥራው ከዚህ ወዲያ እስኪቀጥል ድረስ ግን ለዓመታት የመንገዱ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች፤ ዕቃው ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚህ ነበር፤ ዎርክሾፑም እዚህ በመሆኑ ከተማዋ የእጅ ባለሙያ ከተማ ሆና አደገች። ያልተጻፈው አባትዎ ጠዋት ወደ ዎርክሾፑ ሲገቡ የሚያደርጉት፣ ፈረንሳይኛውን ከማን እንደ ተማሩት፣ ጣታቸውን የቆረጠው ማሽን የቱ እንደ ነበር ነው። የሰፈር ሙዚየም የሚያስፈልገው ለዚህ ሲሆን፣ የምኒልክን ፎቶግራፍ ሰቅሎ የታወቀውን መድገም ግን አዲስ አበባ ያሉትም ሙዚየሞች አልተሳናቸውም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ከመግባቱ በፊት በመዝገቡ ላይ ተራ ቁጥሩ፣ የገባበት ቀን፣ የሰጪው ስም፣ ዕቃው የማን እንደ ነበር፣ ለምን ሥራ እንዳገለገለና ሲገባ የነበረው ጉዳት ይጻፍ። ቁጥሩ ዓመትንና ተራን ቢይዝ፣ ለምሳሌ 2018/1 ቢባል፣ ኋላ ግራ አያጋባም። ቁጥሩን በዕቃው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ በወረቀት ጀርባ ጫፍ ላይ ለስላሳ እርሳስ፣ በልብስ ላይ ቁጥሩ ተጽፎበት በክር የሚጠለፍ የጥጥ ጨርቅ፣ በብረት ላይ ደግሞ በክር የሚንጠለጠል ካርድ ይበቃል። ሰጪው የሚፈርምበት አንድ ገጽ ወረቀትም ይኑር፤ ዕቃው በስጦታ ነው ወይስ በውሰት የተሰጠው የሚለው ጥያቄ በዚያ ላይ መልስ ማግኘት አለበት። ውሰት ከሆነ መመለሻው ቀን ይጻፍ። የማውቀው አንድ የሰፈር ስብስብ የፈረሰው አውሳዩ ከሞቱ በኋላ ወራሾቻቸው ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ «አባታችን ሰጥተዋል»፣ ግማሾቹ «አውሰዋል» በማለታቸው ነው፤ የጠፋው አንዲት ገጽ ወረቀት ነበረች።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ደስ የማይል ጉዳይ አለ፤ ግን ልዝለለው አልችልም። በየቤቱ ከተቀመጠው የባቡር ዕቃ አንዳንዱ የድርጅቱ ምልክት ያለበትና በሕግ የድርጅቱ ንብረት ሊሆን የሚችል ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለሕዝብ ከማሳየታችሁ በፊት ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጽፋችሁ በአደራ እንዲቀመጥ የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። ሰዉ የሚፈራው ዕቃው ይወሰድብኛል ብሎ ሳይሆን ሌባ እባላለሁ ብሎ ነውና፣ የአደራው ደብዳቤ ከእጃችሁ ካለ ብዙ የተደበቀ ሣጥን ይከፈታል።

ክፍሏን በተመለከተ፣ ከጠባብነቷ ይልቅ ምስጥና ውኃ ያሳስቡኛል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያስታውሱታል፤ ከሰዉ ጋር የስንት ቤተሰብ ፎቶግራፍና ወረቀት እንደ ሄደ ደግሞ ቆጣሪ አልነበረውም። ስለዚህ ምንም ነገር ወለል ላይ አይቀመጥ፣ መደርደሪያው ከግድግዳው ይራቅ፣ የመዝገቡ ፎቶ ኮፒም ከወንዙ ርቆ በሚገኝ በሌላ አባል ቤት፣ ለምሳሌ ሳቢያን ሰፈር፣ ይቀመጥ። የድሬዳዋ ፀሐይ ፎቶግራፍንና ጨርቅን በአጭር ጊዜ ታነጣለችና መስኮቱ ወፍራም መጋረጃ ይኑረው። የዛገውን ብረትም «እናሳምረው» ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ከዝገቱ ጋር የሠሪውን ማኅተምና የሠራተኛውን ምልክት ትፍቁታላችሁ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማንሣት በቂ ነው።

«እንቢ» ማለትንም ተማሩ። ሙዚየም መከፈቱ ሲሰማ ሰው ሁሉ የቤቱን አሮጌ ነገር ማምጣቱ አይቀርም፤ አሥረኛው የልብስ ስፌት መኪና ሲመጣ ታሪኩን በመዝገብ አስፍራችሁ፣ ፎቶውን አንሥታችሁ፣ መኪናውን ለባለቤቱ መልሱ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያላገኘሁት መጋላን ነው። ከተማዋ ከደቻቱ በወዲያና በወዲህ ያደገች ናት፤ ከዚራ የባቡሩ ኩባንያ መንገዱን ቀጥ አድርጎ ያሰመረላት ስትሆን፣ መጋላ ግን ነጋዴው ራሱ የሠራት ናት። ባቡሩም የሾፌሩና የመካኒኩ ብቻ አልነበረም፤ የወዛደሩ፣ የግመል ነጂው፣ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዋ፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የሐረሪው፣ የአማራው፣ የየመኑ ዐረብ፣ የግሪኩ፣ የአርመኑና የህንዱም ነበር። ከሰብሳቢ ኮሚቴው ውስጥ ከወንዙ ማዶ የመጡ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ይኑሩበት፤ ዕቃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ «እናንተም ግቡ» ማለት እንግዳ እንጂ ባለቤት አያደርግም። መግለጫ ጽሑፎቹም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ቢሆኑ ልጆች ለአያቶቻቸው ያነቡላቸዋል።

የቤቱን ነገር «ይቅደም» ለሚሉት ጓደኞችዎ ሐረርን ጠቁሟቸው። ከእናንተ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችንና የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችን ለዓመታት እየሰበሰቡ ለጎብኚ ያሳዩ የነበረው በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ነበር። ዛሬ ስብስቡ የሚገኝበት፣ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚጠራው ታላቅ ሕንፃ የተሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ክፍሏን በወር አንድ እሑድ፣ የእድሩ ስብሰባ ሲያበቃ ክፈቷት፤ በዚያን ቀን ከፋኖሱ አጠገብ ፋኖሱን ያበሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ወንበር ይዘው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀጎል ውስጥ ነው። ከአያቴ የወረስኩት በእጅ የተጻፈ ቁርአን አለኝ። የአፎቻችን (የሐረሪ መረዳጃ ማኅበራችን) አባላት በሰፈራችን ትንሽ ማሳያ ሊያዘጋጁ ስለሆነ እንዳውሳቸው ጠይቀውኛል፤ ነገር ግን ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ መንግሥት ይወስደዋል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ሽፋኑም ተላቅቋል፤ አንድ ዘመዴ በኮላ ሊያጣብቀው ፈልጎ እስካሁን አልፈቀድሁለትም።

መልስ፦ አለመፍቀድዎ መጽሐፉን አትርፎታል። ኮላውም፣ ግልጹ ፕላስተርም ለጥቂት ዓመታት የያዙ ይመስሉና ወረቀቱን ቢጫ አድርገውና አድርቀው ይሰብሩታል፤ ሲነሡም ቀለሙን ይዘው ይሄዳሉ። ሐረር የራሷ የመጽሐፍ ድጉሰት (የሽፋን ሥራ) ጥበብ ያላት ከተማ ናት፤ በሸሪፍ ሙዚየምም የእጅ ጽሑፎች ሲጠገኑና ሲደጎሱ ስለ ኖሩ ምክር የሚጠየቀው እዚያ ነው። እስከዚያው ሽፋኑንና ገጾቹን አንድ ላይ አድርገው፣ ታጥቦ በደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ አርቀው በጀርባው ያስተኙት።

ስለ ባለቤትነቱ የሚወራው ልክ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሥር ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል፤ ምዝገባው ንብረቱን ወደ መንግሥት አያዛውርም። በምትኩ ባለቤቱ ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ቅርሱን መጠበቅ፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አለመጠገን፣ ከአገር እንዳይወጣ ማድረግ ይጠበቅበታል። እንዲያውም መጽሐፉ ቢሰረቅ የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዳልዎ ይኸው ምዝገባ ስለሆነ፣ ፍርሃቱ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል።

ለማሳያው ዋናውን ሳይሆን ፎቶውን ይስጡ። በጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ገጽ በገጽ ይነሣ፤ ዋናው ለመክፈቻው ቀን ብቻ ወጥቶ ይመለስ፤ ለወራት በአንድ ገጽ ተከፍቶ የሚቀመጥ መጽሐፍ በዚያ ገጽ ይደበዝዛልና። ፎቶው ሲነሣ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች እንዳይዘለሉ አደራ። በሐረር የእጅ ጽሑፎች ላይ መጽሐፉ ለማን በወቅፍ (በሃይማኖታዊ ስጦታ) እንደ ተሰጠና በማን እጅ እንዳለፈ ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የሰፈራችሁን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ያች ጥግ ላይ የተጫረች መስመር ብዙ ትነግረዋለች። ጀጎል በ82 መስጊዶቿና በ102 የአውሊያ ሥፍራዎቿ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረችው ደቻቱ በሞላበት በዚያው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነበር፤ የዓለም ቅርስ የሆነው ግን ግንቡና ከተማው ነው፣ በየቤቱ ያለውን መጽሐፍ መጠበቁ በእናንተው ላይ ወድቋል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አያቴ ለብዙ ዓመታት ቀፊራ ገበያ ነግደዋል፤ በባቡርም ወደ ጅቡቲ ድንበር ይመላለሱ ነበር። ድምፃቸውን ልቀዳ ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ ምን ታሪክ አለኝ? ታሪክ የሹማምንት ነው» ብለው ይስቁብኛል። እንዴት ብጠይቃቸው ይሻላል?

መልስ፦ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያስፈራል፤ ለእሱ የሚገባው መልስ የጦርነትና የሹመት ወሬ ይመስላልና። ይልቅ ለሥራቸው የቀረበውን ጠይቂያቸው፦ ወደ ገበያ ሲወጡ ስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? ሂሳቡን በምን ቋንቋ ይቆጥሩ ነበር? ዱቤ የከለከሉት ሰው ማን ነበር? ከባቡር ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ምን ነበር? በእጃቸው የሚይዙት ነገር፣ የድሮ ሚዛን ወይም ሻንጣ ቢሆን፣ ብትሰጫቸው ደግሞ እጃቸው ራሱ ያስታውሳል።

የምትቀጂው በማለዳ ይሁን። የድሬዳዋ ከሰዓት ያለ ቬንትሌተር አይቻልም፤ ቬንትሌተሩ ደግሞ በቅጂው ላይ ከአያትሽ ድምፅ በላይ ይሰማል። ቡናው ይፈላ፣ ሲኒው ግን ከስልኩ ይራቅ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሁለታችሁን ስም በድምፅ ተናገሪ። ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ቢሻገሩ አታቋርጫቸው፤ ትርጉሙን ኋላ በጽሑፍ ትሠሪዋለሽ። ከአንድ ሰዓት በላይ አታድክሚያቸው። ቅጂውን ሳትቆርጪ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጪ።

የባቡሩ ንግድ ሲነሣ ኮንትሮባንድም መነሣቱ አይቀርም፤ በዚያ ዘመን ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነበርና አያትሽ በሳቅ ሊያወሩት ይችላሉ። ነገር ግን የሌላ ሰው ስም የሚጠሩ ከሆነ ያ ሰው ወይም ልጆቹ ዛሬም ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ቅጂውን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ካሰማሻቸው በኋላ የቱ ለሰው እንዲሰማ፣ የቱ ለቤተሰብ ብቻ እንዲቀር ራሳቸው ይወስኑ፤ ውሳኔያቸውንም በዚያው በድምፃቸው ቅጂው። ከላይ የጻፉት የከዚራው መምህር ኮሚቴያቸውን ከመጋላ ሰዎች ጋር ካቋቋሙ፣ አያትሽ የፈቀዱት ክፍል በመዝገባቸው ላይ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል፤ ከፈቀድሽልን አድራሻሽን ለመምህሩ እናደርሳለን።