«እኔ አልወለድኳትም» ያለው ልጅ

ጥያቄ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ 15 ዓመቱ ሲሆን ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል፤ ታናሿ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። አባታቸው በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ከአምስት ስድስት ቀን በላይ ቤት አያድርም። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ልጄ ሳሎን ይተኛል። ሠራተኛዬ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ስምንት ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ሕፃኗን ቀን ቀን ጎረቤቴ ትይዝልኛለች፣ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በ10 ሰዓት ይረከባታል፣ እኔ የታክሲ ሰልፉን አልፌ ቤት ስደርስ 1 ሰዓት ይሆናል። ልጄ ድሮ ታዛዥ ነበር። አሁን ስጠራው አይመልስልኝም፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክ ላይ አፍጥጦ ያመሻል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሣው በጩኸት ነው፤ እኅቱንም ስልክ ሰጥቶ ያስቀምጣታል። ባለፈው ቅዳሜ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ፣ ለቅሶ ደርሼ እስክመለስ እንዲጠብቃት ብነግረው «እኔ አልወለድኳትም!» ብሎ ጮኸብኝ። በጥፊ መታሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰላምታ በቀር አናወራም። የሚገርመው ሕፃኗ ከእርሱ ሌላ ሰው አትፈልግም፤ «አባዬ» እያለች ስትከተለው ጎረቤቱ ሁሉ ይሥቃል። ደብረ ብርሃን አጎቱ ዘንድ ልላከው ወይስ የዕድሜ ነገር ነው ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ቆም ያደረገኝ እርስዎ «የሚገርመው» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው፤ ሕፃኗ ወንድሟን «አባዬ» እያለች ትከተለዋለች፣ ጎረቤቱም ይሥቃል። ልጅዎ አብሮ ይሥቅ እንደሆነ አልጻፉልኝም። የማይሥቅ ይመስለኛል።

የሁለት ዓመት ልጅ የዘር ሐረግ ቆጥራ አታውቅም፤ ማን እንዳጎረሳት፣ ማን እግሯን እንዳጠበላት፣ ስታለቅስ ማን ብድግ አድርጎ እንዳቀፋት ግን ታውቃለች። ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ሲባዛ 15 ሰዓት፣ በወር ደግሞ ወደ 60 ሰዓት ይመጣል፤ ይህም ቅዳሜና እሑድ በመሐል የሚጨመረውን ሳይቆጥር ነው። ስለዚህ ሕፃኗ አልተሳሳተችም፤ በቤታችሁ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ እንዳለና ማን እንደተመደበበት ከሁላችሁም ቀድማ ተናግራለች።

ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ እንዳይመስልዎት። ሠራተኛ ትታት የሄደችባት፣ ባሏ ጋላፊ ኬላ ላይ ተራ ሲጠብቅ የሚያድርባት፣ ራሷ ደግሞ ውላ ስትገባ ድስትና ጀሪካን የሚጠብቃት እናት በቤቷ ያለውን እጅ ሁሉ ብታሠራ የሚፈርድባት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቦታዋን ይያዝላት። ታላቅ ታናሹን መጠበቁም በራሱ ነውር የለበትም፤ ብዙዎቻችን ያደግነው በታላላቆቻችን ጀርባ ታዝለን ነው። እኔ ራሴ የስድስት ልጆች ታላቅ ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች ወደ ልጅዎ ያዳላሁ ከመሰለዎት ምክንያቱን ከወዲሁ ይወቁት።

አርጀንቲና ተወልዶ በአሜሪካ የሠራውና በቤተሰብ ሕክምና ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሳልቫዶር ሚኑቺን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከድሃ ቤተሰቦች ጋር ሲሠራ፣ የወላጅ ድርሻ የወደቀበትን እንዲህ ያለ ልጅ በተለይ ተመልክቶት ነበር። እንደ እርሱ አስተያየት ልጅ በበዛበት፣ አንድ ወላጅ ብቻ ባለበት ወይም ሁለቱም ወላጆች በሚሠሩበት ቤት ለአንዱ ልጅ ከወላጅነት ሥራ ማካፈል የተለመደ ነገር ነው፤ ልጁም ኃላፊነትንና በራስ መቆምን ሊማርበት ይችላል። ነገሩ የሚበላሸው ድርሻው በግልጽ ሳይነገር፣ ልኩ ሳይታወቅና ሥልጣኑ ሳይሰጥ ዝም ብሎ በልጁ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ ወላጁም እዚያው ሲረሳው ነው።

በእናንተ ቤት የሆነውም ይኸው ይመስለኛል። ማንም ተቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ» አላለም፤ ሠራተኛዋ በሄደች ሰሞን «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ተጀመረ፣ ስምንት ወርም ሞላው። ከዚያ በኋላ ልጅዎ እኅቱ አልበላም ስትል ይጠየቃል፣ ብትወድቅ ይጠየቃል፣ ስልክ ቢሰጣት ይጠየቃል፤ በልታና ሥቃ ስትውል ግን ማንም ስለ እርሱ አያነሣም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ዘወትር የሚተረተው በልጁ ላይ ነው። እኔ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ግን ሊጡን ለልጅ ትቶ የሄደው ማን ነው የሚለው ነው። የአባትን ሥራ ሰጥተውታል፣ የአባትን ቃል ግን አልሰጡትም፤ የልጅን ነፃነትም በዚያው ወስደውበታል።

«እኔ አልወለድኳትም» የሚለው ቃል ለእናት ጆሮ መራራ መሆኑን አልክድም። ያን ጊዜ ግን ጫማውን አስሮ በር ላይ የደረሰ፣ ጓደኞቹ ሜዳ ላይ የሚጠብቁት ልጅ ነበር። ለቅሶ ግዴታ ነው፤ መድረስዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመላው ሳምንት የራሱ የነበረችው ያቺ ሰዓት ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እርሷም በጥያቄ ሳይሆን በትእዛዝ ተወሰደችበት። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃ ሲከፍል፣ ለሁለት ዓመት ሕፃን የሰጣት ዋና ጉዳይ በራስ ማድረግን መልመድ ነው፤ ለጉርምስና የሰጠው ደግሞ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ልጅዎ ይህን ጥያቄ በኳስ ሜዳ፣ ከእኩዮቹ ጋር በመዋል፣ እናቱን አንዳንድ ጊዜ እምቢ በማለትም ጭምር መመለስ ሲጀምር፣ እርሱ ያልመረጠው መልስ ሱሪውን ይዛ «አባዬ» እያለች ከኋላው ትሮጣለች።

ስለ ጥፊው ማውራት መጀመር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። «ቅዳሜ ዕለት በመምታቴ አጥፍቻለሁ» ይበሉትና እዚያው ላይ ያቁሙ፤ «ግን አንተም» የሚል ቃል ከተከተለ ይቅርታው ክስ ይሆናል። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ የሚወርድ የሚመስላቸው አሉ። በሥራዬ ያጋጠሙኝ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ግን እናታቸው ይቅርታ የጠየቀቻቸውን ቀን ለዓመታት ሲያስታውሱት አይቻለሁ። ቃሉ እንደጎዳዎት ሊነግሩት መብትዎ ነው፤ ለሌላ ቀን ያቆዩት እንጂ።

ሌሊት ማምሸቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ልለይ። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከወትሮው ዘግይቶ መመንጨት ስለሚጀምር፣ ልጁ በ3 ሰዓት ተኛ ቢባል ሰውነቱ እሺ አይልም። በሌላ በኩል በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ በ6 ሰዓት ተኝቶ በ12 ሰዓት የሚቀሰቀስ ልጅ ደግሞ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚተኛው። ጠዋት የሚያዩት ኩርፊያ ግማሹ እንቅልፍ ማጣት ነው። ስልኩን ከመቀማትዎ በፊት ግን ይህን ያስቡልኝ፦ መኝታው ሳሎን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ውሃ በፈረቃ ከመጣም ጀሪካኑ ተሞልቶ፣ እኅቱ እንቅልፍ ወስዷት ቤቱ የእርሱ የሚሆነው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ያቺን ሰዓት በእንቅልፉ እየገዛት ነው። ቀደም ያለ የራሱ ሰዓት ካገኘ ስልኩን በ4 ሰዓት ተኩል እንዲያስቀምጥ መስማማት ይቀላል። አልጋው ዙሪያ መጋረጃ መስቀልና ማንም የማይነካበት፣ ቁልፍ ያለው አንድ መሳቢያ መስጠት ለ15 ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ሥራ ግን ስምምነቱን በግልጽ መነጋገር ነው። እሑድ ሕፃኗ ቀን ስትተኛ ቡና አፍልተው ያስቀምጡትና፣ ስምንት ወር ሙሉ የተሸከመውን በቁጥር ይንገሩት፤ ሰዓቱን እኔ እንደቆጠርኩት ይቁጠሩለት። ከዚያ የትኞቹን ቀናት ሊጠብቃት እንደሚችል ራሱ ይናገር። አምስቱ ቀን ወደ አራት ወይም ወደ ሦስት ቢወርድና ለቀሪው ቀን ለጎረቤትዎ ትንሽ ጨምረው ቢከፍሉ፣ ከሌላ ወጪ ተቀንሶም ቢሆን የሚያዋጣ ይመስለኛል። የቅዳሜው ኳስ የእርሱ ይሁን፤ ድንገተኛ ለቅሶ ቢመጣ ይጠይቁት፣ እሺ ካለም የወሰዱበትን ሰዓት በሌላ ቀን ይመልሱለት። በጥበቃው ሰዓት ቃሉ ቃል ይሁን፤ «ብስኩት ይበቃል» ካላት እርስዎ በር ላይ እንደደረሱ ብስኩት አይስጧት። ማታ ሲገቡም ድስቱን ከመክፈትዎ በፊት ሕፃኗን ተቀብለው «በቃ፣ ጨርሰሃል» ይበሉት። ሥራ የሚያልቅበትን ሰዓት የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው።

የማይሰጡትም ነገር አለ። በባልዲና በሳፋ የተቀዳ ውሃ መከደኑን፣ ምድጃው መጥፋቱን፣ መድኃኒትና በረኪና ከፍ ብሎ መቀመጡን ጠዋት ሳይወጡ ማረጋገጥ የእርስዎ ሥራ ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ጥልቀት በሌለው ውሃም ልትሰጥም ትችላለችና። አንድ ነገር ቢፈጠር ወደ የትኛው በር እንደሚሮጥም ይወቅ። እኅቱን የሚወድ ልጅ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈራ ላይነግርዎት ይችላል።

ስልክ የሚሰጣትም የቤት ሥራውን ለመሥራት ሌላ መንገድ ማንም ስላላሳየው ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። በቁጣ ሳይሆን በምትክ ይተኩት፤ የድስት ክዳን፣ የእንጨት ማንኪያና ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሞላበት አንድ ዘንቢል ማዘጋጀት ወይም ለግማሽ ሰዓት ግቢ ይዟት መውረድ ብዙ ይረዳል።

ባለቤትዎም በዚህ ውስጥ አሉበት። ብዙ አባቶች ለመንገድ ሲወጡ ልጃቸውን «እኔ በሌለሁበት አባወራው አንተ ነህ» ይሉታል፤ ለማበረታታት ብለው ነው፤ ልጁ ግን ቃል በቃል ይይዘዋል። ከሚሌ ወይም ከሰመራ ሲደውሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እኅትህ እንዴት ናት? እናትህን ታግዛለህ?» ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ «ኳሱ እንዴት ነው? ሒሳቡ ከበደህ?» ይሁን። ቤት በሚያድሩባቸው አምስት ስድስት ቀናት ደግሞ ሕፃኗን እርሳቸው ይያዙ። መጀመሪያ ባይተዋር ሆና ብታለቅስባቸው ለወንድሟ አይመልሷት፤ ትለምዳቸዋለች።

ወደ ጥያቄዎችዎ ልመለስ። ደብረ ብርሃን መላኩን አልደግፈውም። አሁን ከሄደ የሚረዳው እምቢ በማለቱ ከቤት እንደተባረረ ነው፤ ሕፃኗም አብዝታ የለመደችውን ሰው በአንድ ቀን ታጣለች። ለክረምት ዕረፍት፣ ራሱ ፈልጎት ከሆነ፣ መልካም ነው። የዕድሜ ነገር ብሎ ማለፉም ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ኳስ ሊወጣ መነሣቱን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ጓደኛና ጨዋታ የሚናፍቅ ልጅ ነው። ጓደኞቹንና ኳሱን ትቶ ቢዘጋ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ አዝኖ ቢቆይ፣ ምግብ ቢያስጠላው፣ ጫት ወይም መጠጥ ቢጀምር ግን የእኔን ምክር ትተው ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። ሞትን ካነሣ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠብቁ። አማኑኤል ሆስፒታልን ሰው በሹክሹክታ ቢጠራውም እንዲህ ላለው ችግር የሚኬድበት ቦታ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ የሕፃናት ማቆያ ካለም ይጠይቁ፤ ሕፃን ይዞ የታክሲ ሰልፍ መቆም ምን እንደሆነ ባውቅም፣ በሳምንት ለሁለት ቀን እንኳ ሊረዳ ይችላል።

የቀረው ገንዘብ አይጠይቅም። ሕፃኗ ወንድሟን «አባዬ» ስትለው ከጎረቤት ጋር አይሣቁ። ስሙን ያስተምሯት፤ ከከበዳት አሳጥራ ትጥራው፣ የራሱ ስም ይሁን እንጂ። አባቷ ከመንገድ ሲደውሉ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገው «አባዬ ይኼውልሽ» ይበሏት።