ፒዲኤፉን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ሳጥኑን ክፈቺ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው እስከ አሁን የቆየሁት።

ላላያችሁት፦ እህታችን እዚሁ ሐዋሳ፣ ስድሳ አባላት በማይሞሏት፣ ከቤቴል ቤተ ክርስቲያን በመጣው የፕሬስቢቴሪያን (የሽማግሌዎች ጉባኤ) ሥርዓት በምትመራ ማኅበረ ምዕመናን ሽማግሌ ሆና ተመርጣለች። «ምን ላንብብ? ለእኛ ዓይነት አጥቢያ መሪዎች የሚሆን ነገር በአማርኛ ከየት ይገኛል?» ብላ ጠየቀች። ከሥር ሃያ ምናምን ሰው ሊንክ ለጥፎላታል። ሁሉም ማለት ይቻላል የአሜሪካ ነው።

ሊንኮቹ ክፉ አይደሉም። ግን ከእነሱ አትጀምሪ። እኔ ከእነሱ ጀምሬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነበርኩ፤ ስድስቱን በጸሐፊነት። የተመረጥኩ ሰሞን የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንን የሥርዓት መጽሐፍ፣ ቡክ ኦፍ ኦርደር የሚሉትን፣ ከኢንተርኔት በነጻ አወረድኩ። ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ አስጠርዤ፣ ልቤ አብጦ ወደ ስብሰባ ይዤው ሄድኩ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ደግሞ ዋና ዋናውን በስልኬ አስተርጉሜዋለሁ። ጉዱ የመጣው እዚያ ላይ ነው። «ሴሽን» በፕሬስቢቴሪያን ቤት የአጥቢያው የሽማግሌዎች ጉባኤ ማለት ነው። ስልኬ «ክፍለ ጊዜ» ብሎ ተረጎመው። እኔም «የክፍለ ጊዜው ጸሐፊ» ሆኜ አረፍኩት። «ሩሊንግ ኤልደር» ደግሞ «ገዥ ሽማግሌ» ሆነ። አንድ አባት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ማንን ነው የምንገዛው ልጄ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የሳቸው ጥያቄ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ ራሱ ይህንኑ አንስቶ ያብራራል፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያ የተባሉት በሕዝቡ ላይ ጌታ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ማኅበሩ ለእግዚአብሔር ቃል ያለውን ታማኝነት እንዲመዝኑ ስለተመረጡ ነው ይላል። እንደ ማስመሪያ በይው። ያን ገጽ ቀድሜ አንብቤው ቢሆን መልስ አይጠፋኝም ነበር። ደግሞ «ፕሬስቢቴሪያን» የሚለው ስም የመጣው «ፕሬስቢቴሮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሽማግሌ ነው። ለእኛ አገር ሰው ሽማግሌ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሚያስታርቀውን፣ ልጅ የሚድረውን፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርሰውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚለየው የእናንተኛው ተመርጦ፣ ተጸልዮለት፣ በጉባኤ የሚወስን መሆኑ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ የምትወስኚው ነገር የለም። መንገድ ላይ አስቁሞ «እስቲ ይህን ጉዳይ ጨርሺልኝ» የሚል ሰው መቶ በመቶ ይመጣብሻል። «ለጉባኤው አቀርበዋለሁ» ማለትን ከአሁኑ ተለማመጂ።

ሁለተኛው ጉዴ ከዚህ ይብስ ነበር። ያው መጽሐፍ አንድ ሽማግሌ ለአንድ ዙር ከሦስት ዓመት በላይ አይመረጥም፣ በተከታታይም ከስድስት ዓመት በላይ አያገለግልም፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ያርፋል ይላል። በጣም ወደድኩት። እኛ ዘንድ አሥራ አምስት ዓመት የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስቼ «በሥርዓታችን መሠረት» ብዬ ጀመርኩ። ከሁለቱ አንዱ ምንም ሳይናገሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኛው መተዳደሪያ ደንብ ነው። በታይፕ የተመታ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ። የአገልግሎት ዘመን የሚለው አንቀጽ ከአሜሪካው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ጸሐፊ ሆኜ ደንባችንን አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም! ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳጥኑን ክፈቺ። የትኛውም አጥቢያ ሳጥን አለው። እኛ ጋ ከቁርባን ዕቃው ቁም ሣጥን ሥር ነበር፣ በአሮጌ የመዘምራን ልብስ ተሸፍኖ። ደንቡን ፈልጊ፣ ከበላይ የመጡ መመሪያዎችን ፈልጊ፣ የቦታውን ወረቀት ፈልጊ፣ ከሁሉ በላይ ግን የቃለ ጉባኤ መዝገቦቹን። ቁጭ ብለሽ ቢያንስ ያለፉትን አምስት ዓመታት አንብቢ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ግማሹ «በጸሎት ተጀመረ፣ በጸሎት ተዘጋ» ነው። እኔን ግን ያ መዝገብ ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ በላይ አስተምሮኛል። አንድ ጊዜ መዘምራንና የእሑድ ትምህርት ቤት በጓሮዋ ክፍል ተጣሉ። ሁለቱም «ለእኛ ነው የተሰጠችው» ይላሉ፤ ሁለት ወር ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። መዝገቡን አገላብጬ አገኘሁት፤ የሻይ ብርጭቆ ክብ ባተመበት ገጽ ላይ፣ «ክፍሉ እሑድ እስከ አምስት ሰዓት ለልጆች፣ ከዚያ በኋላ ለመዘምራን» ይላል። ከሥሩ ሰባት ፊርማ። ከፈራሚዎቹ አንዷ የመዘምራኑ መሪ ራሷ ናት። ረስታዋለች። ጸቡ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ከዚህ ተነስተሽ የራሳችሁን ቃለ ጉባኤ በወጉ ያዙ። ቀን፣ የተገኙ፣ የቀሩ፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን እስከ መቼ ይፈጽማል። ማን ምን ብሎ ተከራከረ የሚለውን አትጻፉ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የአንዱ ልጅ ያነበዋል።

ሁለተኛው ሀብት ሰው ነው። የቤቴልን ታሪክ የምታውቂው ይመስለኛል፤ ቢሆንም ለሌሎቹ ልበል። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪሙን ቶማስ ላምቢን ይዞ ደምቢ ዶሎ የገባው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ጣሊያን ሲገባ ሚሲዮናውያኑ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኗ ግን አልተዘጋችም፤ እንዲያውም ሰፋች። የያዟት እንደ ዓይነ ስውሩ ወንጌላዊ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ያሉ የአገሩ ሰዎች ናቸው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ አባት ናቸው፣ ስማቸውን ለማታውቁ። በ1947 ቤቴል ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች፤ በ1974 ደግሞ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሃደች። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እነዚያ ሰዎች ፒዲኤፍ አልነበራቸውም። ከእነሱ እጅ የተማሩ ሰዎች ልጆች ዛሬም በየከተማው አሉ፣ ሐዋሳም አሉ። የእናንተን አጥቢያ ከጀመሩት አንዱን ፈልገሽ አንድ ከሰዓት አብረሻቸው ተቀመጪ። ቡና ይፈላ፣ ስልክሽን ዝጊ። «ሥርዓቱ ምን ይላል» ብለሽ አትጠይቂ። «አስቸጋሪ ነገር ሲመጣ ምን ታደርጉ ነበር?» በያቸው።

ውህደቱ ለንባብም ትርጉም አለው። መካነ ኢየሱስ በአብዛኛው ሉተራን ስለሆነች በአማርኛ የምታገኚው ማስተማሪያ ብዙው ከዚያ ወገን ነው፤ በተለይ የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም፣ በጥያቄና መልስ የተጻፈው የእምነት ማስተማሪያ። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ተጠቀሙበት። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። እኛ ልጆችን ስናስተምር ግማሹን ከሉተር፣ ግማሹን ከፕሬስቢቴሪያኖቹ የዌስትሚንስተር አጭር ካቴኪዝም ወስደን ነበር። የፈተና ቀን «ስድስተኛው ትእዛዝ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። አንዷ «አትግደል» አለች፣ አንዱ «አታመንዝር» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሉተራን አቆጣጠር ከዌስትሚንስተሩ ወገን ይለያል፤ የተቀረጹ ምስሎችን የሚከለክለውን ከመጀመሪያው ጋር ስለሚደምረው የቀሩት በአንድ ይንሸራተታሉ። ልጆቹ እስኪያለቅሱ ተከራከሩ፤ ጥፋቱ ግን የእኛ የአስተማሪዎቹ ነበር።

ዌስትሚንስተርን ግን እንዳትተዊው። 107 ጥያቄ ነው። ሽማግሌዎቹ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ይዛችሁ ብትነጋገሩ በዓመት ሦስት ብቻ ነው የሚተርፈው። እኛ ስብሰባ ከመጀመራችን በፊት ሃያ ደቂቃ ሰጠነው። እንግሊዝኛ የምትችል አንዲት መምህርት ትተረጉምና በእጅ ጽፋ ታመጣለች፤ እኛ ደግሞ ቃል በቃል እንነታረካለን። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰው ዋና ዓላማ ምንድን ነው የሚለው ነው፤ መልሱም እግዚአብሔርን ማክበርና ለዘላለም በእርሱ መደሰት። «መደሰት» የሚለው ቃል ላይ ብቻ አንድ ምሽት ፈጀን። አንድ ሽማግሌ «ደስታማ ለሠርግ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈሩታል እንጂ» ብለው አልቀበልም አሉ። በሥልጠና ላይ ተቀምጬ እንደዚያ ያለ ውይይት ሰምቼ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ለሚሄድ ሽማግሌ ግን የሃይደልበርግ ካቴኪዝም ይበልጥብኛል፤ በሕይወትም በሞትም ብቸኛ መጽናኛህ ምንድን ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። በ52 ሰንበት ስለተከፋፈለም ለዓመት ፕሮግራም ይመቻል።

ከአሜሪካዎቹ ሊንኮች የሰንበት ንባብ ሠንጠረዡን፣ በየሰንበቱ የትኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እንደሚነበብ የሚያሳየውን፣ ውሰጂ። የሦስት ዓመት ዑደት ነው፣ ለሰባኪ ትልቅ እገዛ ነው፤ ሰባኪው የሚወዳትን አንዲት ምዕራፍ ዓመቱን ሙሉ እንዳይደጋግምባችሁ ያደርጋል። ቀኑን ግን እንዳለ አትገልብጪ። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 አካባቢ ላይ ይውላል፤ የእኛ 29 ነው። ፋሲካም አንዳንዴ ይገጥማል አንዳንዴ አይገጥምም። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ሁላችንም ሚያዝያ 12 ላይ አከበርን። በ2016 ግን የእነሱ መጋቢት 22፣ የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር፤ አምስት ሳምንት። እኛ አንድ ዓመት ሳናስተውል በዐቢይ ጾም መሐል የትንሣኤ ምንባብ አነበብን። ሕዝቡ ግራ ገብቶት ዝም አለ። አሁን የምናደርገው ቀላል ነው፤ ከገናና ከፋሲካ ተነስተን ሳምንቱን ወደፊትና ወደኋላ እንቆጥራለን፣ ቀኑን ሳይሆን የሰንበቱን ስም እንከተላለን።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። መባ የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ የማይዛመዱ፣ እዚያው ቀን፣ በር ክፍት ሆኖ። ቆጠራው በወረቀት ይሰፍርና ሁለቱም ይፈርሙ። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ መባ በአንድ ሰው ስልክ መቀበል ተለምዷል። ያ ሰው መልአክ ቢሆን እንኳ አታድርጉት። በቤተ ክርስቲያኗ ስም ባለ ሒሳብ ብቻ ይግባ፣ ማውጣት የሚቻለውም በጥምር ፊርማ ይሁን። በዚህ ጉዳይ የተሰበረ ወዳጅነት አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን አልጽፍም።

መማር ከፈለግሽ ደግሞ ሩቅ አትሂጂ። የመካነ ኢየሱስ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ታቦር እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ሄደሽ ለአጥቢያ አገልጋዮች ምን ዓይነት ትምህርት እንዳላቸው በአካል ጠይቂ፣ ቤተ መጻሕፍታቸውንም እይ። አዲስ አበባ ላይ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ። ከአጥቢያችሁ አንድ ወጣት ብትልኩ ግን መጽሐፍ ከማዘዝ ይሻላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ማንም ሊንክ ያልለጠፈልሽ። ትንሽ ደብተር ግዢ፣ ኪስ የሚገባ። አምስት ሽማግሌ ከሆናችሁ አባላቱን ለአምስት ተካፈሏቸው፤ ላንቺ አሥራ ሁለት ሰው ገደማ ይደርስሻል። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ የታመመ ካለ፣ የልጆቹን ስም ጻፊ። በየወሩ ሦስት ቤት ሂጂ። አቶቴ ያለው ቅርብ ነው፣ አላሙራ ያለው ባጃጅ ይፈልጋል፣ ሪፈራል የተኛ ካለ ደግሞ ተራ አይጠበቅለትም። ደውለሽ «እንዴት ናችሁ» ብትያቸው «ደህና ነን» ነው የሚሉሽ። ቤታቸው ስትገቢ ነው ሌላው የሚወጣው። እኔ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ነው ሦስት ወር ያልመጡት ጉልበታቸው ደረጃውን ስላቃታቸው እንደሆነ ያወቅኩት። እኛ ስብሰባ ላይ «ቀዘቀዙ» ብለን ጽፈናቸው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ወጣቶች የብረት መደገፊያ በየዱልን።

የቃለ ጉባኤ አጻጻፋችንን ቅጽና የመባ ቆጠራውን ወረቀት ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የአባላቱን ስም ሸፍኜ ነው የምልከው። ቅጹ ላይ የሻይ እድፍ ብታዪ እንዳትስቂ።