የመኪና ውድድሬን ለኢንሹራንሱ ልናገር ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ያስለመደችኝ ባለቤቴ ናት። 34 ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን የ4 ዓመትና የ9 ወር ልጆች አሉን። የ500,000 ዶላር፣ የ20 ዓመት ተርም ላይፍ ኢንሹራንስ (ለተወሰነ ዘመን ብቻ የሚገባ የሕይወት ኢንሹራንስ) ለመግባት ማመልከቻ ጀምሬያለሁ፤ ገና አልፈረምኩም። በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ ሄጄ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ መኪናዬን እነዳለሁ። እስካሁን የገባሁት አሰልጣኝ አጠገቤ ተቀምጦ ለሚሰጠው ትምህርት ነው እንጂ ለውድድር አይደለም። በመጪው ኤፕሪል ግን የመጀመሪያ ውድድሬን ለመግባት አስቤያለሁ። የኢንሹራንሱ ወኪል የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ነው። «ይሄን አትጻፍ፣ ዋጋህን ይሰቅሉብሃል፤ ደግሞም ሙያህ አይደለም» አለኝ። ልስማው?
ስሜ ይቆይ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ዕድሜህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስለሚቀራረብ «አንተ» ብልህ ቅር አይልህም ብዬ አምናለሁ። አትስማው። ጻፈው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ኢንሹራንሱን የሸጥኩላቸው እኔ አልነበርኩም፤ የመጣችው እንዳነብላት ብቻ ነው። ባለቤቷ ቅዳሜና እሁድ ትራክ ላይ በሞተርሳይክል ይወዳደር ነበር። የሞተው ግን ትራክ ላይ አይደለም። ከሥራ ሲመለስ አውራ ጎዳና 95 ላይ የጭነት መኪና ገጭቶት ነው፤ ኢንሹራንሱን በገባ በ14ኛው ወር። ከደብዳቤው ጋር የ574 ዶላር ቼክ ነበር። ቼኩን በሁለት ጣቷ ይዛ «ይሄ የመጀመሪያው ነው? ቀሪው መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ቀሪ አልነበረም። 574 ማለት ባሏ በወር 41 ዶላር እያለ የከፈለው የ14 ወር ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው ውሉን ሰርዞ የከፈለውን መለሰላት። የውሉ መጠን 400,000 ዶላር ነበር።

ከፖሊሲው፣ ማለትም ከውሉ ሰነድ፣ ጀርባ የተያያዘውን ማመልከቻ ገልጬ አየሁ። ስለ እሽቅድምድም የሚጠይቀው መስመር ላይ «አይ» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱም ሆነ ሌሎቹ መልሶች በሰማያዊ እስክሪብቶ በወኪሉ እጅ የተጻፉ ናቸው። ታች ያለው ፊርማ ግን የባሏ ነው፣ በጥቁር። ኩባንያው የያዘው ፊርማውን ነው።

«ገጭቶ የገደለው ሌላ ሰው ነው፤ ከውድድሩ ጋር ምን አገናኘው?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ማንም ሰው ይህንኑ ይጠይቃል። ነገር ግን የላይፍ ኢንሹራንስ ውል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኩባንያው ማመልከቻውን መልሶ የሚመረምርባቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ከሞተ ሐኪም ቤቱን፣ የመንጃ ፈቃድ መዝገቡን፣ ፌስቡኩን ሳይቀር ያያሉ። በእኛ ቨርጂኒያ የሚመዘነው ደግሞ የሞቱ ምክንያት አይደለም። ኩባንያው ኃላፊነቱን ሲወስድ እውነተኛውን መልስ ቢያውቅ ኖሮ ውሳኔው ወይም ዋጋው ይለወጥ ነበር ወይ ነው። ሁለቱን ዓመት ዝም ብዬ ልለፍ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ፣ በመካከሉ ክፍያ ተቋርጦ ፖሊሲው ወድቆ ቢነሳ ቆጠራው ብዙውን ጊዜ እንደ አዲስ እንደሚጀምር እወቅ። ውሸቱ ግን በሁለተኛው ዓመት ማግስትም ውሸት ነው፤ እኔ በእሱ ላይ ቤተሰብ አላስቀምጥም።

የእኛ ሰው ነገሩን እንደ ዕድር ያየዋል። ዕድር ከከፈልክ ከፍለሃል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ እንዴት ኖረ ብሎ የሚመረምር የለም። ኢንሹራንስ የቆመው ግን በጻፍከው መልስ ላይ ነው። ወዳጅህም በክፋት ሳይሆን በዚህ ስሜት የተናገረ ይመስለኛል። ቢሆንም ወኪል ነው፤ ሊያውቅ ይገባዋል፣ እንዲህ ያለ ምክር ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። ማመልከቻው ላይ ያለውን ጥያቄ ቃል በቃል አንብበው። አንዳንዱ ኩባንያ የሚጠይቀው ስለ ውድድር ብቻ ነው፤ ሌላው የትራክ ልምምድንም ይጨምራል። አብዛኞቹ «ባለፉት 2 ዓመታት ተሳትፈሃል?» ብቻ ብለው አያቆሙም፤ «ወደፊትስ ታስባለህ?» ይላሉ። የኤፕሪሉን ውድድር ካሰብክ መልሱ «አዎ» ነው። ከዚያ ለብቻው አንድ ቅጽ ይሰጡሃል፦ የመኪናው ዓይነትና የሞተሩ መጠን፣ የትኛው ትራክ፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ከፍተኛው ፍጥነት፣ የውድድር ፈቃድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን አቅደሃል። እዚህ ጋ አትቆጥብ። በአሰልጣኝ መንዳትና ጎን ለጎን መሽቀዳደም አንደርራይተሩ፣ ማለትም አደጋውን መዝኖ ዋጋ የሚወስነው የኩባንያው ሰው፣ ዘንድ አንድ አይደሉም፤ ለትምህርቱ ብቻ የተለመደውን ዋጋ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ። ልዩነቱን ካልጻፍክለት ከየት ያውቀዋል?

ለውድድሩ ዋጋ ቢጨምሩ ፍላት ኤክስትራ ይሉታል፤ በእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ሽፋን ላይ የተወሰነ ገንዘብ ማለት ነው። ለምሳሌ 2.50 ዶላር ቢሆን፣ ለ500,000 በዓመት 1,250 ዶላር ይሆናል፤ 5 ዶላር ከሆነ 2,500። ቀላል አይደለም፣ ይገባኛል። አንዳንዶች ተጨማሪውን ትተው «ትራክ ላይ ከሞትክ አንከፍልም» የሚል አንቀጽ ያቀርባሉ። ልጆችህ ገና ሕፃናት ስለሆኑ እኔ ብሆን ጭማሪውን ከፍዬ ሙሉውን እገዛለሁ። ውድድሩን ባቆምክ ጊዜ ጭማሪው እንዲነሳልህ በጽሑፍ ትጠይቃለህ፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ያዩልሃል።

ከመፈረምህ በፊት ግን የብዙ ኩባንያዎችን ውል ወደሚሸጥ ብሮከር ሂድ። ስምህን ሳይጠቅስ ዕድሜህን፣ ጤናህንና የትራክ ታሪክህን ጽፎ ለአምስት ስድስት ኩባንያ ይልክልሃል፣ ዋጋቸውን ይነግሩታል። በዚህ ጉዳይ ከኩባንያ ኩባንያ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ለአንዱ «አይ»፣ ለሌላው «አዎ» ብለህ እንዳትጽፍ። ኩባንያዎቹ ኤም አይ ቢ በሚባል ድርጅት በኩል እንዲህ ያለውን መረጃ ይለዋወጣሉ፤ አደገኛ የትርፍ ጊዜ ልማድም እዚያ ይመዘገባል።

ከመሥሪያ ቤትህ የሚሰጥህ የላይፍ ኢንሹራንስ ካለ መነሻው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይጠየቅ የሚገኝ ነው፤ ያዘው፣ ሥራ ስትለቅ ግን አብሮህ ላይሄድ ይችላል። የአደጋ ሞት የሚሉት ተጨማሪ ሽፋን እሽቅድምድምን የሚያስቀር አንቀጽ ብዙ ጊዜ አለበት፤ እሱን አትቁጠረው።

ፖሊሲው ሲደርስህ ከጀርባው የተያያዘውን ማመልከቻ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ እያንዳንዱን ሳጥን በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡት። ያላልከው ነገር ተጽፎ ካገኘህ የዚያኑ ቀን ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቅ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊሲውን መልሰህ ገንዘብህን ለመውሰድ ቢያንስ 10 ቀን አለህ።