ክራሩ እስኪቃኝ

እህቴ፣ «አገር ያበደላቸው የባንድ ልጆች ሐዋሳ ሊመጡ ነው፣ በአካል ያያቸው አለ? በቪዲዮ ብቻ ነው ወይስ እውነትም ይችላሉ? 500 ብር ያወጣሉ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እኔ አይቻቸዋለሁ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ ባለፈው መጋቢት። በጎረምሳነቴ ሆቴል ቤት ኪቦርድ እመታ ስለነበር ጆሮዬ ትንሽ ነገረኛ ነው፤ እሱን ቀንሰሽ ስሚኝ።

ትኬቱ 12 ሰዓት ይላል። 12 ተኩል ስደርስ መድረኩ ላይ ገመድ የሚጎትት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ። በዚህ እንኳ አልፈርድባቸውም፣ ሰው እስኪሞላ የሚያስጠብቀው አዘጋጁ ነው።

የከፈቱት ያው ሁላችንም በምናውቀው ዘፈን ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፀጉሬ ቆመ። ድራም የምትመታው ልጅ ቢበዛ 20 ዓመት ቢሆናት ነው፤ ችክችካውን አክብዳ ስትመታው ቤዙ ደረት ላይ ይገባል፣ ክራሩ ከላይ ይጮሃል። ከኋላዬ የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ወንበር ላይ ወጡ።

ጉዱ የመጣው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያው በትዝታ ቅኝት ነበር፣ ሁለተኛው በባቲ። ጊታር ለሚመታ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፣ ጣቱን ያዛውራል፣ አለቀ። ክራር ግን ያለው ስድስት ክር ነው፤ ቅኝት ሲቀየር ክሩ ራሱ መጥበቅና መላላት አለበት። ልጁ ጎንበስ ብሎ መቃኘት ጀመረ። ድምፁን እንኳ የዘጋለት የለም፣ ድው... ድው... እያለ በስፒከሩ ይወጣል። ድምፃዊው ማይኩን ይዞ ቆሟል። «ሐዋሳ፣ እንዴት ናችሁ?» አለ። ደህና ነን አልን። ትንሽ ቆይቶ «ሐዋሳ!» አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አለን ልጄ፣ የትም አልሄድንም» አሉት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

እንዲህ እያሉ ስድስት ሰባት ጊዜ ቆሙ። የተሟሟቀ ሰው በየመሀሉ ስልኩን እያወጣ ይቀዘቅዛል።

እኔ ይሄን ችሎታ ማነስ አልለውም። የመድረክ ሰዓት ማነስ ነው። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች፣ ዋልያስ ሂልተን፣ አይቤክስ ደግሞ ራስ ሆቴል፣ ማታ ማታ ለዓመታት ሲጫወቱ፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው እንደሚከተል፣ ጨፋሪው ሲደክም ምን እንደሚመታ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሻገር ያን ሁሉ ሌሊት ተሸክሞ ነው የሄደው። እነዚህ ልጆች ዘፈናቸውን ቤት ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ እየቀዱ አወጡት፣ መድረክ ሳይለምዱ ሕዝቡ አነሳቸው። ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ እኛ ነን ያጣደፍናቸው። እኔ በነበርኩበት ቤት ክራር በሚጨመርበት ማታ አለቃችን ሲጋራ ፓኬት ላይ ይጽፍ ነበር፦ ትዝታዎቹ አንድ ላይ፣ ባቲዎቹ አንድ ላይ፣ አንቺሆዬ መጨረሻ። በቃ ይሄው ነው ዘዴው፤ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ነው።

ግን ስሚ። ወደ ማብቂያው ላይ ልጁ እንደገና ሊቃኝ ሲያጎነብስ ድራም የምትመታዋ ዝምታው የሰለቻት መሰለኝ፣ በቀስታ ጀመረች። ቤዙ ተከተላት። ልጁ ክሩን ባጠበቀ ቁጥር የሚወጣውን ድምፅ ምቱ ላይ ያሳርፈው ጀመር። መቃኘቱ ራሱ የዘፈን መግቢያ ሆነ። ሦስት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ድምፃዊው እንኳ ማይኩን አውርዶ ያያቸዋል። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ይሄን ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ለሱ ስል 500 ብር ደግሜ እከፍላለሁ።

ስለዚህ ሂጂ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሺ ይበቃሻል። መድረኩ ሥር አትቁሚ፣ ቤዙ ድምፃዊውን ይውጥብሻል፤ ሚክሰሩን የያዘው ልጅ አጠገብ ሁኚ፣ እሱ የሚሰማውን ነው የምትሰሚው። ከሐይቁ በኩል ማታ ስለሚነፍስ ጃኬት ያዢ፣ የመመለሻ ባጃጅም ቀድመሽ ተነጋገሪ። ክራር የሚመታውን ልጅ ካገኘሽው ደግሞ አንድ የሐዋሳ ሰው ሁለተኛ ክራር ይግዛ ብሎሃል በይልኝ።