መሪው ሠርቶ ሌላው የሚገለብጥበት ቡድን

ጥያቄ፦ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በክፍሌ 62 ተማሪዎች አሉ። በአንድ ለአምስት አደራጅቼ መልመጃ ስሰጣቸው የቡድን መሪው ብቻውን ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፤ በፈተና ላይ ግን ውጤታቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የቡድን ሥራውን ልተወው ወይስ ማሻሻል ይቻላል?
መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ እባክዎ አይተዉት። ችግሩ በአብዛኛው የሚመነጨው ከልጆቹ ስንፍና ሳይሆን ከሚሰጣቸው ጥያቄ ነው። አሠራሩ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ የታየ መልመጃ የሚያነጋግር ነገር ስለሌለው፣ ጎበዙ ከጨረሰው በኋላ ለሌላው ከመገልበጥ በቀር የሚተርፍ ሥራ የለም።

የክፍልፋይ መደመርን እንውሰድ። «1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ፣ አንድ ተማሪ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 አገኘ ብለው ይጻፉና ልክ መሆን አለመሆኑን ያለ ስሌት፣ በሥዕል ወይም በቃል እንዲያስረዱ ይጠይቋቸው። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል የሚለውን ሙግት፣ እኔ ባስተማርኩባቸው ክፍሎች ደጋግሞ ያነሣው ደካማ የተባለው ልጅ ነበር። ትክክለኛውን 5/6 የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጋራ ታህት ለምን እንደሚያስፈልግም ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

በ1970ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ዩሪ ትሪዝማን፣ በካልኩለስ የሚወድቁ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በትጋት ግን ለየብቻቸው እንደሚያጠኑ፣ የቻይና ዝርያ ያላቸው ደግሞ ተሰብስበው እየተራረሙ እንደሚሠሩ አስተዋሉ። ያዘጋጁላቸው መፍትሔ የማጠናከሪያ ትምህርት ሳይሆን ከባድ ጥያቄዎችን በጋራ የሚሠሩበት ዐውደ ጥናት ነበር፤ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ። ለደካማ ተማሪ ቀላል ጥያቄ መምረጥ የለመድን ሁሉ ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

አደረጃጀቱን በተመለከተ፣ በአንድ ዴስክ የተቀመጡት ሦስቱ ይበቃሉ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ለየብቻ ያስቡ፤ ከዚያ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይስጧቸው፣ የሚጽፈው ልጅም ሌሎቹ የነገሩትን ብቻ ይጻፍ። ሲጨርሱ ወጥቶ የሚያስረዳውን እርስዎ በዕጣ ይምረጡ፤ ማስረዳት ካቃተው ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ይወያይ እንጂ ጎበዙ አይተካለት። መሪው ያን ጊዜ ጓደኛውን ማስረዳት የራሱ ሥራ ይሆናል፣ ሲያስረዳም እሱው ራሱ ያላስተዋለውን ያገኛል።

ለጊዜው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዎታል፤ በዴስኮቹ መካከል ሲዘዋወሩ መልሱን ከመናገር ተቆጥበው፣ ዝም ያለውን ልጅ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት።