ሜዳው ሲረጥብ የብረት ጥርስ ወይስ የላስቲክ?

ከአንድ ወጣት ተጫዋች የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ በሰፈራችን የክረምት ውድድር በግራ መስመር ተከላካይ ሆኜ እጫወታለሁ። ዝናብ ከጣለ ዞር ልበል ስል እግሬ ይከዳኛል። ባለፈው እሁድ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ በሁለተኛው ጎል ገባብን። ታኬታዬ ባለ ላስቲክ ጥርስ ነው፤ ሁለት ዓመት አድርጌዋለሁ። ጓደኛዬ ባለ ብረት ጥርስ ሳልቫጅ ታኬታ ልሽጥልህ ይለኛል። ስድስት ጥርስ አለው፤ ሁለቱ ዝገው አልፈታ ብለዋል። ሜዳችን ግማሹ ሳር፣ ግማሹ ቀይ አፈር ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ወንድሜ፣ ብሩን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። መጀመሪያ ያለህን ታኬታ ገልብጠህ እየው።

ጫማ ስጠግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፣ የሰፈር ውድድር ይጀመራል፣ የእኔም ቤት በታኬታ ይሞላል። «ያንሸራትተኛል» ብሎ የሚመጣ ልጅ ሁሉ የብረት ጥርስ ያምረዋል። ጫማውን ስገለብጠው ግን ብዙውን ጊዜ የማየው ያለቀ ላስቲክ ነው።

ከአውራ ጣትህ ስር ያለውን ጥርስ ተመልከት። ዞር ስትል መሬቱን የምትገፋው በእሱ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ቀጥሎ የተረከዙን የውጭ ጠርዝ እይ። ጥርሱ አዲስ ሲሆን ቁመቱ 1 ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ጫፉም ጠርዝ አለው። ሲያልቅ ግን እንደተጋመሰ ሳሙና ድብልብል ይላል። በጣትህ ዳብሰው። ብዙም ካልተነካው ከመሃለኛው ጥርስ ጋር አስተያየው። ግማሹ ከሄደ የእሁዱ መውደቅ ምክንያት እዚያው ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ከቤት እስከ ሜዳ ታኬታ አጥልቀህ በኮብልስቶን አትሂድ። ጥርስ የሚበላው ድንጋይ ነው። በሸራ ጫማ ሂድና ሜዳው ዳር ቀይር።

ያለቀ የላስቲክ ጥርስ መቀየር ይቻላል ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይቻልም። ከሶሉ ጋር አንድ ላይ ተቀልጦ የፈሰሰ ነው። በማስቲሽ ላዩ ላይ ሌላ ላስቲክ የሚለጥፉ አሉ፤ እኔ አልሠራውም። እግር ሲታጠፍ ይነሳል፣ የሚነሳውም ልጁ በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ነው።

ጥርሱ ደህና ሆኖም ጫማው ያንሸራትትሃል እንበል። እንግዲያው ጭቃውን እንይ። ከጥርሶቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ሥራ አለው፤ ጥርሱ መሬት ውስጥ የሚገባው እሱ ባዶ ሲሆን ነው። ጭቃ ሲሞላው ጥርሱ ይዋጣል። ያን ጊዜ ብረትም ይሁን ላስቲክ ለውጥ የለውም፤ የቆምከው በጭቃ ጠፍጣፋ ላይ ነው። ብዙ አጫጭር ጥርስ ያለው ጫማ ቶሎ ይሞላል። ስድስት ጥርስ ብቻ ያለው ግን ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ጭቃው ራሱ ይወድቃል። ባለ ብረት ጥርሱ በክረምት የሚወደደው ከርዝመቱ ሌላ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ለዚህ የሚሆን ርካሽ መላ አለኝ። ከጨዋታ በፊት ሶሉን አጥበህ አድርቅ። ከዚያ በጥርሶቹ መሃል ስስ ቫዝሊን ቀባ። ቫዝሊን ከሌለህ ጨርቅ ላይ ጠብ ያለች የምግብ ዘይትም ትሆናለች። የጥርሶቹን ጫፍ ግን አትንካ። ጭቃው እንደ በፊቱ ሙጭጭ አይልም። ሜዳው ዳር አጭር እንጨት አስቀምጥ፤ ኳስ በወጣ ቁጥር፣ በእረፍት ሰዓትም ቆርቁረህ አውጣው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። ብረት ወይስ ላስቲክ የሚለውን የሚመልስልህ መሬቱ ነው። ውሃው ላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ ነው ያለው ወይስ ወደ ውስጥ ዘልቋል? ሁለቱም «እርጥብ ሜዳ» ይባላሉ፤ ለጫማ ግን ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው።

በአውራ ጣትህ ትፈትነዋለህ። የሚፈታ የብረት ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከአውራ ጣትህ ጥፍር ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ሜዳ ገብተህ አውራ ጣትህን መሬቱ ላይ ተጫነው። ጥፍርህ ሳትታገል ሙሉ ለሙሉ ከገባ መሬቱ ለብረት ጥርስ የተዘጋጀ ነው። ላዩ ላይ ላቁጦ ታች ጠጠር ካለብህ ብረቱን እርሳው። አንድ ቦታ ብቻ አትሞክር። በምትጫወትበት መስመር ላይ ሦስት አራት ቦታ ሞክር፤ ሳሩም ላይ፣ አፈሩም ላይ።

የአንተ ቀይ አፈር በሰው እግር ዓመቱን ሙሉ የተረገጠ ነው። ዝናብ ሲመጣ ላዩ ሳሙና ይሆናል፤ ትንሽ ዝቅ ስትል ግን ድንጋይ ነው። እዚያ ላይ የብረት ጥርስ አይገባም። ሙሉ ክብደትህ በስድስት ነጥብ ላይ ይቆማል፤ ከፍታው ደግሞ ቁርጭምጭሚትህን ያወዛውዛል። የእግርህን መዳፍም ያቃጥልሃል። እንዲህ ላለው መሬት የሚሻለው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጠርዛቸው ያላለቀ የላስቲክ ጥርስ ነው። ብዙ ቦታ ይነካሉ፣ ስሱን ጭቃ ቀደው ጠጣሩን ይይዛሉ።

ጥቁር አፈር ላይ የሚጫወት ልጅ ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግርን ይውጣል። እዚያ ሰፋ ብለው የተተከሉ ስድስት ረጃጅም ጥርሶች ዋጋቸው ይታያል።

ይኼንን ሳስብ ሁሌም ትዝ የሚለኝ የ1954ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ ጁላይ መጀመሪያ፣ ዝናብ። ምዕራብ ጀርመን በምድብ ጨዋታ በሃንጋሪ 8 ለ 3 ተሸንፋ ነበር፤ በፍጻሜው ከእሷው ጋር ተገናኘች። ገና በ8ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 ተመራች። በመጨረሻ 3 ለ 2 አሸነፈች። ከጀርመን ቡድን ጋር የተጓዘ ጫማ ሰሪ ነበር፤ የአዲዳስ መሥራች አዲ ዳስለር። የሠራው ጫማ ጥርሱ በብሎን የሚፈታና የሚታሰር ነበር። ሜዳው ሲጨቀይ አጭሩን ፈትቶ ረጅሙን አሰረላቸው። ድሉ የጫማ ብቻ ነው አልልም፤ ተጫዋቾቹ ናቸው የሮጡት። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ጫማ ሰሪው መጀመሪያ ሰማዩንና ሜዳውን አይቶ፣ ከዚያ ጥርሱን መምረጡ ነው።

«ብረት» እንበለው እንጂ ዛሬ አብዛኛው ጥርስ አሉሚኒየም ነው፤ ሶሉ ውስጥ የሚገባው ብሎን ብቻ ነው ብዙ ጊዜ ብረት የሚሆነው። የጓደኛህ ታኬታ ጥርስ አልፈታ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ። ጭቃውም ገብቶ ይደርቅና እንደ ሲሚንቶ ይይዛል።

ለመፍታት እንዲህ አድርግ። ጥርሱ ሶሉን የሚነካበትን ዙሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ። በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ ሁለት ጠብታ ነጭ ጋዝ አስገባ። አትድፋበት፤ ጋዝ ማስቲሹን ይፈታዋል። አሳድረው። በማግስቱ በቁልፉ፣ ቁልፍ ከሌለ ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልለህ በፒንሳ ያዘውና መጀመሪያ ትንሽ ወደማጥበቂያው ግፋው። ዝገቱ «ቀጭ» ብሎ ሲላቀቅ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ከዚያ ወደ ግራ ፍታው። እየፈታህ ሶሉን እይ። ጥርሱ ሲዞር ሶሉ ውስጥ ያለው ዳዶ አብሮ ከዞረ ጫማው አልቆለታል። ሶሉን ሳይቀዱ ዳዶውን ማሰር አይቻልም፤ የተቀደደ ሶል ደግሞ ውሃ ያስገባል።

አዲስ ጥርስ ስትገዛ ብሎኑ ላይ ያለው ጥምዝምዝ ከፋብሪካ ፋብሪካ ሊለያይ እንደሚችል አትርሳ። በእጅህ ብቻ ሦስት ዙር ካልገባ የእሱ አይደለም፤ በፒንሳ አታስገድደው። ከማሰርህ በፊት ብሎኑን ግሪስ ንካው። ስድስቱንም በአንድ ቀን ቀይር።

የመጨረሻውን ያልኩት በራሴ ስህተት ተምሬ ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ ሁለት ጥርስ ወልቆበት መጣ። ገንዘቡ ስለማይበቃው ሁለቱን ብቻ አዲስ አሰርኩለት፤ አራቱ ግማሽ ያለቁ ነበሩ። ጫማው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደ ተናጋ ወንበር ይወዛወዝ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ልጁ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ በሰው ትከሻ ተደግፎ አየሁት። እስከዛሬ አልወጣልኝም። አሁን ማንኛውንም ታኬታ ጠረጴዛ ላይ ሳላቆም አላስረክብም።

ሌላው የብረት ጥርስ ጣጣ ጫፉ ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ ሲነካ ጠርዙ ይነሳና እንደ ምላጭ ይሆናል። አንተ ተከላካይ ነህ፤ ተንሸራተህ ኳስ ስትነጥቅ ያ ጠርዝ የሰው ቅልጥም ላይ ያርፋል። ከጨዋታ በፊት በጣትህ ዳስሰው፤ የሚቧጥጥ ከሆነ በሞረድ አለስልሰው። የእግር ኳስ ሕግ የብረት ጥርስን በስሙ አይከለክልም። አደገኛ የሆነ ጫማ ወይም ዕቃ ለብሶ መጫወት ግን ክልክል ነው፤ ዳኛው ካልወደደው ያስወልቅሃል። የሰፈር ውድድር አዘጋጆች የራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል ሳትገዛ ጠይቅ። ሰው ሠራሽ ሳር ላይማ ፈጽሞ እንዳታስበው። ይነክስና አልለቅም ይላል፤ ሰውነትህ ሲዞር እግርህ ይቀራል፣ የሚበጠሰው የጉልበት ጅማት ነው።

እንግዲህ የጓደኛዬን ታኬታ ልግዛ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ለዚህ ሜዳ አትግዛው እልሃለሁ። ግማሹ ሳር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ጨዋታ ሁለቱንም ትረግጣለህ፣ እግርህን የሚጎዳው ደግሞ ጠጣሩ በኩል ነው። በዚያው ብር ጥርሱ ያላለቀ፣ ክብ ክብ የላስቲክ ጥርስ ያለው ሳልቫጅ ፈልግ። ስትመርጥ ሶሉን በሁለት እጅህ እጠፈው። መታጠፍ ያለበት ጣቶችህ በሚጀምሩበት ላይ ነው፤ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ተወው። በምትጫወትበት ካልሲ ለካው። ውስጡ እግርህ የሚዋኝ ከሆነ የቱም ጥርስ አያድንህም።

ከጨዋታ በኋላ ከከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጠው አደራ። በየክረምቱ ሶሉ አፉን የከፈተ ታኬታ ይመጣልኛል፤ ስጠይቅ እሳት ዳር የደረቀ ነው። ማስቲሽ ሙቀት አይችልም። የውስጥ ሶሉን አውጣ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ንፋስ ባለበት ጥላ አስቀምጠው። ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይረው።

ለፊታችን እሁድ ግን አዲስ ጫማ ባታገኝም ቀደም ብለህ ሜዳ ድረስ። በግራ መስመርህ ከላይ እስከ ታች ሂድና በአውራ ጣትህ ፈትሽ፤ የት ለስላሳ፣ የት ሳሙና እንደሆነ በልብህ ያዝ። ቫዝሊንህን ቀባ፣ እንጨትህን ያዝ። ሳሙናው ቦታ ላይ ስትደርስ እርምጃህን አሳጥር፤ በአንድ እግር ከመዞር በሦስት አጫጭር እርምጃ ዙር።